የእማዬ የመግቢያ ቁጥር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። የእማዬም ጉልበት ከበፊቱ ይሻላል፤ ደረጃ ላይ ብቻ ነው የሚያስቸግራት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። በስልክ ብጠይቅህ «ተይው ባክሽ» ብለህ ወሬ እንደምትቀይር ስለማውቅ፣ በጽሑፍ ማምለጫ ላሳጣህ ብዬ ነው።

ለክሊኒኩ የሠራኸውን የቀጠሮ አፕ ከሄድክ ወዲህ የምንከባከበው እኔ ነኝ። ሰሞኑን የስልኮቹ ሲስተም ስለተቀየረ እንደ አዲስ ማውጣት ግድ ሆነ። ታካሚዎች ወደ አፑ የሚገቡበትን ክፍል ኮድ ለኮምፓይለሩ ብሰጠው ጊዜ፣ ምን ልበልህ፣ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ኮምፓይለርን መቼም ታውቀዋለህ፤ የጻፍነውን አንብቦ ወደ አፕ ይለውጣል እንጂ፣ አንዲት ቃል ካልጣመችው አማላጅ አይሰማም። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አየና «ይሄ ሁሉ ስህተት ያንቺ ነው?» አለኝ። «የወንድሜ ነው» አልኩት። ምን ላድርግ፣ አሳልፌ ሰጠሁህ።

እንዳስተማርከኝ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ ከላይኛው ስህተት ጀመርኩ። ከሌላ ቦታ የተዋስከው አንድ ያረጀ ቁራጭ ኮድ ነበር፤ እሱን ስቀይረው ግማሹ ቀይ ድራሹ ጠፋ። የቀረው ሁሉ ግን የሚያመለክተው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ «ተጠሪ» ብለህ ወደጻፍከው ክፍል። ይህን ለመረጠች ታካሚ የመግቢያ ቁጥሩ ለራሷ መላክ ሲገባው ለተጠሪዋ ይላካል፤ ተጠሪዋ ደግሞ ደውሎ ቁጥሩን ይነግራታል። ዙሪያ ጥምጥም! ማን ይፈልገዋል ብዬ ከነአካቴው አጠፋሁት። አንድም ስህተት አልቀረም። ደስ ብሎኝ አዲሱን አፕ መጀመሪያ እማዬ ስልክ ላይ ጫንኩት።

እማዬ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ሞከረችው። ቁጥሩ በራሷ ስልክ መጣ፣ ራሱን በራሱ ሞላ፣ ገባች። እኔ ምርቃት ስጠብቅ የእሷ ፊት ተለዋወጠ።

«ቁጥሩን ማን ነገረው?» አለችኝ።

«ማንም። ራሱ ነው የሚሞላው። ከእንግዲህ ወንድም ጋሼን ማስቸገር ቀረ።»

«አስቸገረችኝ አለሽ እንዴ?»

«ኧረ አላለም! ግን እማዬ፣ ለአንዲት ቀጠሮ ሰው ከሥራው ተነስቶ ይደውል?»

«ታዲያ በምን ሰበብ ይደውል?»

«ሰበብ ምን ያደርጋል? አንቺ ዝም ብለሽ ደውይለታ።»

«ምን ብዬ? ሥራ ላይ ላለ ሰው? እሱም ቢሆን አባቱን ነው የወጣው፣ ያለ ጉዳይ ስልክ አይነካም። በዚችው ድምፁን እሰማ ነበር። ያቺም ስልክ ብትሆን ጥድፊያ ናት፤ ‹እማዬ ቶሎ ጻፊ፣ ጊዜው ሊያልፍበት ነው› ይልና ይዘጋዋል።»

ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ አፑን አጠፋሁላት።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ሥራዬን ትቼ አንተን መመርመር ያዝኩ። ያን «ተጠሪ» የሚለውን ምርጫ ስንት ታካሚ ተጠቅሞበት ይሆን ብዬ ባይ፣ ከእማዬ በቀር አንድ ሰው የለም። የጻፍከው ደግሞ ሻንጣህን በምታዘጋጅበት ሳምንት ነው። «ሰው የማይጠቀምበትን አትጻፊ» እያልክ ስንቱን ልፋቴን ያስደመሰስከኝ አንተ! እማዬ ናት የለመነችህ? ወይስ ራስህ ነህ ያሰብከው? እሷን ብጠይቃት የጠየቅኳትን ትታ ያልጠየቅኳትን አወራችኝ። እንደ እኔ ግምት ጨርሶ አልተነጋገራችሁም። እሷ በራሷ ብልሃት አንተን ማስደወያ ያገኘች ይመስላታል፤ አንተ ደግሞ ብልሃቱን ሠርተህ፣ እጇ ላይ አስቀምጠህላት ሄደሃል። ከተሳሳትኩ አርመኝ። ልክ ከሆንኩ ግን ስለ አንተ ያሰብኩትን ብዙ ነገር እንደገና ላስበው ነው። የሄድክ ቀን ዓይንህ እንኳ አልረጠበም ብዬ ቅር ብሎኝ ነበርና።

ያጠፋሁትን መለስኩት፤ ቀዩም አብሮ ተመለሰ። አለቃዬ «ትናንት ጨረስኩ አላልሽም?» ሲለኝ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኩትና አንድ በአንድ ማስተካከል ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ የቀረው ስህተት ጥያቄ ነበር፤ ከተጠሪው መልስ ባይመጣ ምን ይደረግ? የድሮው ኮምፓይለር ይህን ሳይጠይቅ አሳልፎሃል፤ አዲሱ ግን ሳትመልሺልኝ አልነቃነቅም አለ። እኔም ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ይጠብቅ» ብዬ ጻፍኩለት። እሺ ብሎ አለፈ።

አፑ ሰኞ ይወጣል። ሐሙስ ጠዋት እማዬ ቀጠሮ ትይዛለች፤ ቁጥሩም እንደ ወትሮው ለአንተ ይመጣል። ጊዜው ሳያልፍበት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚቆየው፤ ለእናንተ አንድ ሰዓት አድርጌዋለሁ። የደህንነት ባለሙያችን ከሰማ ጉዴ ፈላ፣ አደራ እንዳታወራ። ስትደውልላት መጀመሪያ ጉልበቷን ጠይቃት። ከዚያ የምትበላውን፣ የምትውልበትን፣ ደስ ያለህን ሁሉ አውራት። ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ንገራት።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ