እናታችን አልሞተችም

ውድ ተውፊቅ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው። ጋሼ ግን አልልህም፤ እሱን ከአፌ ካወጣሁት ሰነበትኩ። አረብኛው ለእጄ ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም አያታችን ሐቦባ ሬሕማ ከወሎ ይዛው መጥታ ለሁለታችንም ያወረሰችንን ቋንቋ መርጫለሁ። ባለህበት አገር ማንም አይተረጉምልህም፤ ብቻህን አንብበው። ሌላ ሰው እጅ ቢገባም ግድ የለኝም፤ ለዚያውም ስል ከሥሩ እጀምራለሁ።

የእናታችን የከውሰር አባት ፖላንዳዊ ገበሬ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደርነቱን ትቶ ከግብፅ ወደ ካርቱም የመጣ፣ ሶባ በሚባል ቦታ ወንዙ ዳር መሬት ተከራይቶ ቲማቲምና ድንች የሚያለማ ኸዋጃ፣ ነጭ ሰው። ሐቦባ ሬሕማ መጀመሪያ በቀን ሥራ ገባችለት፣ ኋላ ሚስቱ ሆነች። እናታችን ገና ድክ ድክ ስትል ሰውየው ታመመና ለሕክምና ከተማ ሄደ። በዚያው ቀረ። ባለ መሬቱ መጥቶ «ኸዋጃሽ አገሩ ገብቷል፤ ያላ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ!» አላት። ሬሕማ አመነች። እናታችንም ካላክላ ሰፈር ውስጥ «የኸዋጃ ዲቃላ» እየተባለች አደገች። ጉሊት ተቀምጣ አትክልት ስትሸጥ፣ ዱቤዋን ክዶ የጠፋ ደንበኛ ሲገጥማት «አባቴን ይመስላል» ትል እንደነበር ታስታውሳለህ። ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበራትም።

አንተ ሰውየውን መፈለግ የጀመርከው ለፖላንድ ፓስፖርት ነው። ይሁን፤ በዚህ አልከስህም። ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለውን ሱቅህን ዘግተህ መሄድ አልቻልክምና ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። ሰው ቤት ስሠራ ውዬ፣ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በሐፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ዞርኩ። ከሐቦባ የሰማነውን የአያታችንን ስም ብነግራቸው፣ «ያን ዚዬምባ» የሚባል ሰው የለም አሉኝ። እንደገና ስሄድም የለም አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ቤት ስገባ እናታችን ባሚያ እየቀነጠሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣

«ሰዉ ያሕያ ነበር የሚለው» አለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የዚያን ሰው ስም ልጥራልሽ?»

በማግስቱ ያሕያ ብዬ አስፈለግሁ። የሶባ መሬት ኪራይ መዝገብ ውስጥ «ያሕያ አል-ቡላንዲ» ተብሎ ተገኘ፤ ፖላንዳዊው ያሕያ። ከሥሩ በራሱ ፊደል ያን ዚዬምባ ብሎ ፈርሟል። በዚህ ተመርቼ የልደት መዝገቡን አገኘሁ፤ ከውሰር ልጄ ናት ብሎ ራሱ ሄዶ አስመዝግቧታል። ቆሜ ሳለቅስ ጸሐፊው ደነገጠ።

«እህቴ፣ ውርስ አገኘሽ እንዴ?»

«አያት አገኘሁ» አልኩት።

ቅጂዎቹን አምጥቼ ሰጠሁህ። ጠያቂ በሚለው ቦታ ስሜና ስልኬ ሰፍሮ ነበር። አንተም ወደ ፖላንድ ላክህ፣ ከወራት በኋላም መልስ መጣልህ። ያን ቀን ጀብራ ሰፈር ቤታችን መጥተህ ከእናታችን ፊት ተቀመጥክ። የተናገርከውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እማ፣ ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌላ ልጅ ወልዶ ነው የሞተው። ኸላስ፣ ይቅርብን፤ ከእንግዲህ አናንሳው።»

እሷም «እኔስ ምን ብያችሁ ነበር?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንተ ሻይህን ጨርሰህ ሄድክ። ዓመት ሳይሞላ ፓስፖርቱ ወጣልህ፣ ሱቁን ሸጥክ፣ «እንደደረስኩ እናንተን እወስዳለሁ ኢንሻአላህ» ብለህ ተሳፈርክ።

ጦርነቱ ጀብራ ሲገባ ደወልኩልህ። የጎረቤታችን የኢሳ ቤት ሲመታ ደወልኩልህ። እናታችንን በአህያ ጋሪ፣ ከዚያ በጭነት መኪና አድርጌ ገዳሪፍ ሳደርሳት፣ መንገድ ላይ በጥማት ራሷን ስታ ጭኔ ላይ ስትወድቅ ደወልኩልህ። መጀመሪያ አታነሳም ነበር፤ ኋላ ቁጥሩም ጠፋ። እሷ ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ስግደቷን ስትጨርስ ከሁላችን በፊት የምትጠራው ያንተን ስም ነበር። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቴ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ካርቱም ሲረጋጋ ተመለስን። ቤቱ በርና መስኮት የለውም፤ በቆርቆሮና በሸራ ሸፍነን ገባን። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳለን ስልኬ ላይ በአረብኛ መልእክት መጣ። የማሽን ትርጉም ቢሆንም ይገባል።

«ማግዳ እባላለሁ፣ የምጽፍልሽ ከፖላንድ ነው። የያን ዚዬምባ ወንድም የልጅ ልጅ ነኝ። በተውፊቅ እናት ቤት ሠራተኛ እንደነበርሽ ነግሮኛል፤ ስልክሽን ያገኘሁት ከሰነዱ ላይ ነው። በጦርነቱ የሞተችውን የወይዘሮ ከውሰርን መቃብር ፎቶ ልትልኪልን ትችያለሽ? በቤተሰባችን መቃብር ስሟን ልናስቀርጽላት እንፈልጋለን።»

ሠራተኛ ማለትህን ተወው። ሰው ቤት ሠርቼ ነው የበላሁት፤ አላፍርበትም። ግን ወይዘሮ ከውሰር ከፊቴ ተቀምጣ ፉል እየበላች ነበር፣ ተውፊቅ! «ምነው፣ ምን መጣ?» ስትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? ስልኩን አነሳሁና በቪዲዮ ደወልኩ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ወጣች። ፈረንጆች ቤት በለቀምኳት እንግሊዝኛ «መቃብሯ ይኸው» ብዬ ስልኩን ወደ እናታችን አዞርኩት።

ሁለቱ ተያዩ። ግንባራቸው፣ የዓይናቸው አቀማመጥ አንድ ነው። ማግዳ አፏን በእጇ ያዘች። እናታችን ደግሞ፣

«ይቺ ኸዋጃ ማን ናት? ለምን እኔን መሰለች?» አለችኝ።

የቀረውን ማግዳ እያለቀሰች ነገረችን። ያን ዚዬምባ አገሩ አልገባም። ሌላ ሚስት አላገባም፣ ሌላ ልጅ አልወለደም። ካርቱም በሄደ በሳምንቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፤ የቀበረው ቄስም ለትውልድ መንደሩ ደብር መርዶ ጻፈ፤ ሴት ልጅ እንደተወም ነገራቸው። እናቱ በየዓመቱ በተስካሩ ቀን «ልጁስ የት ትሆን?» እያለች ኖራ ነው የሞተችው። ይህን ሁሉ ማግዳ በጊዜው ለአንተ ልካልህ ነበር። ጀብራ መጥተህ ሻይ ስትጠጣ በኪስህ ይዘኸው ነበር።

ለምን እንደዋሸህ ኋላ ገባኝ። እዚያ ለያን ዚዬምባ ልጅ ተብሎ የተቀመጠ የእርሻ መሬት አለ። ከውሰር አባቷ እንዳልካዳት ብታውቅ «ዘመዶቼን አገናኙኝ» ማለቷ አይቀርም፤ መሬቱም የእሷ ይሆናል፤ እሷ ከሞተችና ሌላ ልጅ ከሌላት ግን ያንተ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አባቷን ከዳተኛ አደረግህባት፣ ቀጥሎ እሷን ገደልካት፣ እኔንም ከልጆቿ ቁጥር ፋቅኸኝ። የሶባው ባለ መሬት ሬሕማን ያባረረበትን ውሸት አንተ በልጇ ላይ ደገምከው። እሱ እንኳ ባዳ ነበር!

በማግስቱ እናታችን ነጭ ቶቧን ለብሳ «ውሰጂኝ» አለች። የክርስቲያኖቹ መካነ መቃብር ግንቡ ፈርሷል፣ ድንጋዮቹም ተሰባብረዋል። ብዙ ፈለግን፣ ስሙ ያለበት አላገኘንም። እሷ ግን አልተበሳጨችም። የድሮ ኸዋጆች የተቀበሩበት ረድፍ ራስጌ ቆማ እጆቿን ዘረጋች።

«አባቴ፣ ከእነዚህ አንዱ ነህ። እኔ አላወቅሁም፤ ሰው የነገረኝን አምኜ ሰባ ዓመት ረገምኩህ። እርግማኔን አንስቻለሁ። አንተም ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ትኩስ መርዶ አለቀሰች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው ተውፊቅ፤ አባቷን ገና ያን ዕለት ቀበረች። እኔ ራሷን ደግፌ ይዤ አንተን እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ማግዳ ለቤተሰቡ ሁሉ ነግራለች፤ ጠበቃም ይዛለች። ወሬው እንደደረሰህ የገባኝ ስልኬ ድንገት በአንተ ጥሪ ሲጨናነቅ ነው። ትናንትም ስትደውል አጠገቤ ነበረች። ስምህን አሳየኋት።

«ተውፊቅ ነው። ላንሳው?»

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም አየችው።

«ተይው። የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም።»

እንግዲህ አትደውል። የምትለው ካለህ በእግርህ ና። ጀብራ ያለንበት ነን፤ በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ስታንኳኳ ይሰማል። እከፍትልሃለሁ። ግባ የምትልህ ወይም የምትመልስህ ግን እሷ ናት፤ እኔ በአንዲት ቃል እንኳ አልለምንልህም።

የከውሰር ልጅ፣
ናስራ