እናቴ ለመርሳ ሰው የነገረችው

መርሳ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ሐሙስ ጠዋት ትንሿን አውሮፕላን ከኮምቦልቻ አስነስቼ፣ ድንበር አሻግሬ ጅቡቲ አደርሳታለሁ። ብቻዬን ድንበር ስሻገር የመጀመሪያዬ ነው። የጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም።

ምሳ ላይ እናቴ፣ «በቤታችን ላይ ታልፋለህ አይደል?» አለችኝ። «እስቲ እናያለን» አልኳት። የተፈቀደልኝ መስመር በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደ መርሳ መታጠፍ አልችልም። ፊቷን አይቼ መናገር ከበደኝ።

ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ የአውሮፕላን ድምፅ ከተሰማ ሰው ሁሉ ሮጦ ማንጎ ሥር ይሸሸጋል፤ እሷም ጭምር። ለካ ከሰዓት ገበያ የወጣችው ለዚህ ኖሯል። አመሻሽ ላይ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ሐሙስ የሚመጣው ልጄ ነው፣ እንዳትሸሹ ብያቸዋለሁ። ኢንሻአላህ ሁላችንም ወጥተን ሻሽ እናውለበልብልሃለን።»

«እማ፣ እኔ እኮ በዚህ አላልፍም» አልኳት።

ሳቀች። «ድንገት ልትመጣብን ነዋ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ እኔ ጅቡቲ ነኝ። መርሳ ላይ ሌላ የሚመጣ ካለ፣ ማንም አይሸሽም። ደጅ ወጥተው ሻሽ ያውለበልቡለታል።