በሁለት ካርቶን መሀል የላክሁልሽ እጅ

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው እጅ የወንድምሽ ሚስት እጅ ነው። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ እሷ እስክሪብቶውን ያዘች እንጂ አፌን አልያዘችም። ስለ ራሷም የምናገረው አለ፤ እሱንም ሳትዘል፣ ሳታለሳልስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። ሲያልቅ አስነብባታለሁ። ማንበብ ባልችልም መስማት ማን ይከለክለኛል።

ልጄ፣ የእናትሽ ምትክ፣ እንደምን ከርመሻል? ያመኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ታታልይኛለሽ? ባልሽ እንዴት ነው? ትልቋ ትምህርቱን ያዘችው? ትንሹስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? የአማትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። ሳሌን አትጠይቂኝ፤ አብረን አርጅተናል፣ ከእንግዲህ አንለያይም። ወንድምሽም ደህና ነው፤ እንደ ሁልጊዜው መኪናው ላይ ነው። በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል።

በስልክ መንገር ሲችል ለምን አስጻፈ ብለሽ መገረምሽ አይቀርም። ስልክ ላይ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ይቋረጣል። ይህ ነገር ደግሞ በጩኸት የሚነገር አይደለም። ግራ ገብቶኛል። እኔ ግራ ገባኝ ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ አረፋው ከወጣበት ላይ ቀዳዳውን አገኛለሁ። የዚህ ነገር ቀዳዳ የት እንዳለ ግን አጣሁት።

ከሥሩ ልንገርሽ። ምራቴ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሱሪ እንደምታሳጥር፣ ዚፕ እንደምትቀይር ታውቂያለሽ። ከጥቂት ወራት በፊት ውድድር አለ ብላ መጣች። የፋሽን ትርዒት ነው አሉ። ከተጣለ ዕቃ፣ ከውዳቂ፣ ራስ ላይ የሚደፋ ጌጥ ሠርቶ ማቅረብ ነው። ያውም የዛሬ ሰው የሚያደርገው ዓይነት አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያደርገው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሰው ማን አይቶት ራሱን ለካው ብዬ ጠየቅኋት። እንገምታለን አባባ አለችኝ። እኔ ጎማ በግምት ለጥፌ አላውቅም። ግን ካሸነፈች አንድ ትልቅ የልብስ ቤት ወስዶ ያሠራታል፤ ሱሪ ማሳጠር ያኔ ይቀራል። ስለዚህ ይሁን፣ ሥሪ አልኳት። በዚያ መብራት ዓይኗ እያለቀ እንደሆነ እኔም አያለሁ። አሁን ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፊ ብያታለሁ።

ያን ሰሞን ቤታችን የቁራሌው ጓዳ መሰለልሽ። የተሰበረ የቬንትሌተር ቀፎ፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ የውኃ ፕላስቲክ ቂጥ፣ የሞተ ስልክ ሆድ ዕቃ፣ ከኬብል የተገፈፈ መዳብ። ጠረጴዛው ላይ ቦታ ጠፍቶ ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ በላሁ። መጀመሪያ ጌጡን በጋዜጣ ወረቀት ሠራችው፣ ጣለችው። ቀጥላ በካርቶን ሠራችው፣ እሱንም ጣለችው። ውዳቂ ለመሥራት ይህን ያህል መጣል ያስፈልጋል ወይ አልኳት፤ ሳቀችብኝ።

ልብስ ቤቶች ለመለኪያ የሚሆን የእንጨት ጭንቅላት አላቸው አሉ። እኛ ዘንድ የለም። የእኔን ጭንቅላት ተዋሰች። አዎ፣ የእኔን። ፀጉር የለበትም፣ ይመቻል። ወንበር ላይ ታስቀምጠኝና ሽቦውን እላዬ ላይ ታጥፋለች፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ከፊት ትጨምራለች፣ ወደ ፊት ሲደፋ ከኋላ ትጎትታለች። አንድ ቀን እንዳለባበሰችኝ በሩ ተንኳኳ፤ ረስቼው ተነሥቼ ከፈትኩ። የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ነበር። ሰውየው ቆጣሪውን ሳያነብ ሄደ።

የእውነት የሚያደርገው ግን እኔ አይደለሁም። አንዲት ረጅም ልጅ ናት፤ እኔ ሸንበቆ ብያታለሁ። በራችንን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። መድረክ ላይ መራመድ ሥራዋ ነው። የራሷ ልክ ከእኔ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ ወንድምሽ እስከ ዛሬ ይስቃል። መጥታ ስትሞክረው አባባ፣ ይሄን ያህል ከብዶ እንዴት ቻሉት አለችኝ። ይህ አንገት የጭነት መኪና ጎማ ሲሸከም የኖረ ነው አልኳት። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ቅዝዝ ያለች። እናት የላትም አሉ።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በጎማ ማስቲሽ ለጥፊው ብዬ ነዘነዝኳት፤ ለጠፈችው። በማግስቱ ሁሉም ተላቆ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ አገኘነው። ጎማ ቢሆን ኖሮ ይይዝ ነበር። ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው።

ከዚያ ለክንፉ የሚሆን ነገር ፈለገች። ከሁለቱ ጆሮ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ክንፍ አለው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲታጠፍ የማይሰበር ነገር ይፈልጋል። ከፍራሼ ሥር ያለው ትዝ አለኝ። ሐኪሞቹ በሳሉ ምክንያት ባነሡኝ ቁጥር ያስታቀፉኝን ራጅ ሁሉ በፌስታል አድርጌ አኑሬዋለሁ። ውሰጂው፣ ሁሉም የእኔ ሳንባ ነው አልኳት። ደስ ብሏት ራሴን ሳመችኝ። በሳሙና አጥባ ገመድ ላይ አሰጣቻቸው፤ ደረቴ እንደ ሸሚዝ ተሰጥቶ ነፋስ ሲያወዛውዘው አየሁ። ከዚያ እንደ ላባ እየቆረጠች ትደረድር ጀመር። ጎድን አጥንቴ ክንፍ ሆነ። ወንድምሽ መጥቶ አየና አባባ፣ ውስጥዎ ገና አሁን ታየ ብሎ ቀለደብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መቀሷን አስቀምጣ መጣች። አባባ፣ እጅዎ ተሰብሮ ያውቃል አለችኝ። የእኔ እጅ ብረት ነው፣ የምን መሰበር አልኳት። እንግዲያስ ይሄ የማን ነው ብላ አንዱን ራጅ ሰጠችኝ። መስኮቱ ላይ አስደግፌ አየሁት። እጅ ነው። ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ጎበጥ ብላለች። የቀለበት ጣቱ ላይ አንድ ክብ አለ፣ ከአጥንቱ ይልቅ የነጣ።

ልጄ፣ የእናትሽ እጅ ነው። ደረጃው ላይ የወደቀች ጊዜ ትዝ ይልሻል? እጇ አብጦ ቀለበቱ አልወጣ አለ፤ በሳሙናም በዘይትም ታገሉት፣ እምቢ ሲል ከነቀለበቷ አነሧት። በኋላም አልወጣም፤ ይዛው ተቀበረች። ያ ራጅ ከልብሶቿ ጋር ከቤት የወጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ሳንባዎች መሀል ተኝታ ኖራለች።

እንግዲህ ችግሩን ስሚ። የእናትሽ ፎቶግራፍ የለንም። ካሜራ ስታይ ፊቷን በመዳፏ እንደምትሸፍን ታውቂያለሽ። በሠርግሽ ፎቶ ላይ እንኳ እኔ ተገትሬ፣ ወንድምሽ ተገትሮ፣ ከእሷ የሚታየው መዳፏ ነው። የቀረን ይሄ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ሆኛለሁ።

ምራቴ ይህን እጅ ጌጡ ግንባር ላይ ልታደርገው ትፈልጋለች። ከፊት ለፊት እንደ ቆብ ጥላ ወጣ ያለ ቦታ አለ፤ መብራት ከላይ ሲመታው ወደ ታች የሚያሳልፍ። እዚያ። ለዚያ ደግሞ ዙሪያውን መቁረጥ፣ በሙቅ ውኃ ማጠፍ፣ ጠርዙን መብሳት ግድ ነው። ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ እንደ ጎማ አይለጠፍም።

ተቆጣሁ። መድረኩ ላይ አንዱ ማይክ ይዞ ይህ ጌጥ ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነው ብሎ ይናገራል አይደል? የልጆቼን እናት ማን ጣላት ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰማ። እሷ ግን አባባ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ያልተጣለው እሱ ብቻ ነው፣ ከፊት የምፈልገውም ለዚያ ነው አለችኝ። ንዴቴ ተነፈሰ። ንዴት ከተነፈሰ በኋላ ደግሞ ሰው ምኑን ይይዛል።

ወንድምሽን ጠየቅሁት። ፎቶ እናንሣውና ፕላስቲክ ላይ እናሳትመው፣ ዋናው ይቀመጥ አለ፣ የተገላገልን መስሎት። ሚስቱ አይሆንም አለች፤ አዲስ የታተመ ነገር ማስገባት በውድድሩ ክልክል ነው። እኔም በሆዴ አይሆንም አልኩ። ብርሃኑ በእናትሽ እጅ ውስጥ አልፎ ያረፈው እዚህኛው ላይ ነው፤ ሌላው ሥዕል ነው። ታዲያ እንዲህ የምል ከሆነ እኔ ከማን ወገን ነኝ? በአንድ አፌ አይቆረጥም እላለሁ፣ በዚያው አፌ ቅጂ አይሆንም እላለሁ።

ሰኞ ዕለት ላሳይዎት ብቻ አለችኝ። ሳትቆርጥ፣ ሳትበሳ፣ በልብስ መቆንጠጫ ጌጡ ላይ ያዘችው። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደፋችልኝ፣ መስታወት ፊቴ አቆመች፣ መጋረጃውን ዘጋች። ከላይ በባትሪ አበራች። ልጄ፣ እጁ ወረደና ግንባሬ ላይ አረፈ። የብርሃን እጅ። ትንሿ ጣት እንደ ጎበጠች፣ ቀለበቱ ከቅንድቤ በላይ። ሲያተኩሰኝ እናትሽ እንዲያ ነበር የምታደርገኝ። ሥራ ቦታ ድረስ መጥታ፣ በደንበኛ ፊት፣ ዘይት የጠጣ ግንባሬ ላይ እጇን ትጭን ነበር፤ ሂጂ ወዲያ እላት ነበር፣ አትሰማኝም። ይሄኛው ሙቀት የለውም፣ ባትሪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዓይኔን ጨፈንኩ። አላለቀስኩም፤ ይህ ይጻፍ። እሷም በቃሽ እስክላት ድረስ ባትሪውን አላጠፋችውም። ይህም ይጻፍ።

ከዚያ ወዲህ ባሰብኝ። ከካሜራ ፊቷን የደበቀች ሴት አዳራሽ ሙሉ ሰው አጥንቷን ይየው? መልሼ እላለሁ፣ ፊቷን ደበቀች እንጂ እጇን መች ደበቀች? የእኔን ቱታ ያጠበ፣ የእናንተን አፍንጫ የጠረገ፣ ሰው ሲታመም የጎረቤት በር ያንኳኳ እጅ ነው። ደግሞ እላለሁ፣ ሸንበቆ ግንባር ላይ ምን ይሠራል? እናትሽ አታውቃት፣ ልጅቱን አላተኮሳት። ደግሞ እላለሁ፣ እናት ለሌላት ልጅ እናትሽ መች እጇን ነሥታ ታውቃለች? እንዲህ እንደ ላላ ጎማ ወዲያና ወዲህ ስወላገድ ሰነበትኩ።

በዚህ ቤት ፈራጁ እኔ ነኝ። ስትማሪም ስትዳሪም ቃሉን የሰጠሁ እኔ ነኝ። በዚህ ግን አልቻልኩም። እኔ ባሏ ነኝ፣ ከሜዳ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ ከሥጋዋ ነሽ። ስለዚህ እጁን ልኬልሻለሁ። ምራቴ ራሷ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጋ አሰረችው። ስታስረው አየኋት፤ ልጅ እንደምታስተኛ ሴት ነበር የምታስረው። የሚያመጣልሽ የወንድምሽ ባልደረባ ሾፌር ነው፤ እጅ በእጅ ካልሆነ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ።

ሲደርስሽ ፀሐይ ሳለ መስኮት ላይ አድርጊው። ከዚያ የራስሽን እጅ ላዩ ላይ አድርጊ። ግራ ነው፣ ቀኙን እንዳታደርጊ። ያቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታፍሪባት ጎባጣ ጣትሽ ከማን እንደመጣች ታያለሽ። ከዚያ የምትይውን በይ። ላስቀምጠው ካልሽ አስቀምጪው፤ እኔ አልቀየምም። ምራቴም አልቀየምም ብላለች፣ ፊቷን አይቻለሁ፣ እውነቷን ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ቦታ ክፍት ይቀራል፤ ክፍቱም ያምራል ትላለች። ክፍት ነገር እንዴት እንደሚያምር እኔ አይገባኝም። ይሂድ ካልሽ በዚያው ሾፌር መልሺው፤ ትርዒቱ የሚመጣው ወር ማለቂያ ላይ ነው፣ ይደርሳል። ያን ጊዜ እኔም ሄጄ ከፊት እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገብቻታለሁ፤ ማይክ የሚይዘው ሰው ሁሉም ከተጣለ ዕቃ ነው፣ ከአንድ እጅ በቀር፣ ብሎ ይናገር። እንዲያ ካላለ ከወንበሬ ተነሥቼ እኔው እናገራለሁ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ጎማውን በየጊዜው ያስፈትሽ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ አንድ ቀን የእኔን ደብዳቤ እሷ ታነብልሻለች። ትንሹን አያትህ ጥርስ የለውም፣ አንተ ቅደመው በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። ምራቴም ሰላም ትልሻለች፤ ይህን መስመር ለመጻፍ አፍራ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስጻፍኳት።

ከቤታችን፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሬ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ።

በይ አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ አንቺ ያልኩትን አንድም ሳታስቀሪ። እጁ ግንባሬ ላይ ያረፈበት ቦታ ስትደርሺ ግን ቀስ በይ።