በእርግዝናሽ ላይ የጨመርኩት አርባ ቀን

ውድ ሳቢሃ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ቦሳ አዲስ ቀበሌ የማታ ትምህርት ከገባነው ሁሉ ፊደል ቀድሜ የጨረስኩ እኔ ነኝ፤ መምህሩ ራሱ «ጅብሪል፣ አንተ ከመጣህ ወዲህ ጠመኔ አልበቃ አለን» ብሏል። ከሳቅሽ አሁን ሳቂ። ከዚህ በታች የሚያስቅ የለም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል የገባን ቀን አዋላጇ ሲስተር ንግስት «የወር አበባ መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አለችሽ። «ቡና ለቀማ ሲጀመር» አልሽ። ቀደምኩሽ። «ጥቅምት አምስት!» ብዬ አዲስ በተማርኩት ፊደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት።

«በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሳችው አልትራሳውንድ አለ?»

«የለም ሲስተር፤ ግን እኔ አለሁ! የጫማ ቁጥር በዓይኔ የምለካ ሰው ነኝ።»

ሳቀችና ካርዱ ላይ ገለበጠችው። ቀኗ አልፏል፣ ምጥ በመድኃኒት ይጀመርላት ተባለ።

የማህፀን በር የሚያለሰልሰውን ክኒን አደረጉልሽ። ሰዓት ጠብቀው ደገሙ። በሩ እንደ ጥሬ ቆዳ ደርቆ ቀረ። ሲስተር ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «የመጀመሪያ ወሊድ ይዘገያል። የሰውነት ክብደትም፣ በሩ ከመነሻው የነበረው ጥንካሬም ልዩነት ያመጣል። ወሩ ካልደረሰ ደግሞ በቀላሉ አይለሰልስም። ቀኑን እስቲ አጣራ፣ ወንድሜ።»

ገብቼ «የየት ለቀማ ነው ያልሽው?» አልኩሽ። አልጋውን ጨብጠሽ «የእናቴ ነዋ! ያኔ እሷ ጋ አልነበርኩ?» አልሽኝ።

የኛ ቆላ ቡና ጥቅምት መግቢያ ላይ ይቀላል። የእናትሽ ደጋ ግን ኅዳር አጋማሽ ነው። አርባ ቀን፣ ሳቢሃ!

ወጣሁ። ሲስተር «እህስ?» አለችኝ።

«ያው ነው። ጥቅምት አምስት።»

ወላሂ፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጉራ ነዝቼ ተሳሳትኩ ለማለት አፈርኩ።

ሦስተኛው ክኒን ተደረገ። የልጃችን የልብ ምት ወረደ፣ ኦፕራሲዮን ገባሽ። ልጃችን ሁለት ቀን ሙሉ አየር ፍለጋ ስትታገል ቆይታ ሞተች። ዶክተሩ «ሳንባዋ አልደረሰም» ሲል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የሰፈራችን የሄርማታ ሴቶች «ማህፀኗ መድኃኒት እንኳ አይቀበልም» አሉ። እናቴ «ሌላ አግባ» አለችኝ። ሠርግም ለቅሶም ላይ የማይዘጋው አፌ ያኔ ተዘጋ። አንቺም አምነሻቸው «ድንጋይ ነኝ፣ ይፍታኝ» ብለሽ ወደ እናትሽ ሄድሽ።

ድንጋይ አይደለሽም። ያን ቀን ከሁላችንም ልጅቷ አለመድረሷን የሚያውቅ ማህፀንሽ ብቻ ነበር። በሩን ዘግቶ ጠበቃት። እኛ ሰበርነው። እኛ ማለቴ፣ እኔ።

ትናንት ሄጄ ለሲስተር ንግስት ተናገርኩ። አልሳቀችም። ካርድሽ ላይ ቀኑን አስተካክላለች፤ ወደፊት ከእኔም ይሁን ከሌላ ሰው ስትጸንሺ ማንም እምቢተኛ ማህፀን ነው እንዳይልሽ።

ይህን የሚያነብልሽ ወንድምሽ ሙርሺድ ነው። ሙርሺድ፣ ጮክ በል፤ እናታችሁም ጎረቤቱም ይስማ። ልትገድለኝ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ከመነሳትህ በፊት ግን «ድንጋይ አይደለሽም» የሚለውን ድገምላት።

ሳቢሃ፣ ፍቺ ከፈለግሽ ወረቀቱን ላኪልኝ። መፈረም ተምሬያለሁ።

ጅብሪል