ለጾም የላላ ክር፦ የአቶ ወንድይፍራው ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድይፍራው ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለማርያም ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ኃይሌ በመርሐቤቴ አውራጃ በ1921 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ተወለዱ። አባታቸው የዜማ መምህር ስለነበሩ ድምፅ መለየትን የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው። ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ኮልፌ ይኖሩ ወደነበሩት አጎታቸው መጥተው ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። በ1940 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥረው ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1976 ዓ.ም. በቅንነት አገልግለዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ፊደል ሲለቅሙ ስሕተት እንደማያውቁ ይመሰክራሉ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ ገበያ ሲላኩ ከታዘዙት ግማሹን ረስተው ይመለሱ እንደነበር እንመሰክራለን።

በ1947 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ፋኖሶች መካከል አንድ ማንዶሊን አገኙ። ክር የለው፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ የት እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት በሆዱ ያልተለጠፈበት ነበር። የጎደለውን መቃኛ ከበሬ ቀንድ ሞርደው ተኩ፤ መምቻውንም ከዚያው ቀንድ አወጡ። በ1950 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተሻለች በየነ ጋር በተክሊል ሲጋቡ ሙሽራነታቸውን ዘንግተው ማንዶሊኑን ከዳሱ ጥግ አንስተው መጫወት ቢጀምሩ፣ ሚዜዎቻቸው ነጥቀው በግድ አስቀመጧቸው። ወይዘሮ ተሻለችም ከዚያ ወዲህ ማንዶሊኑን “ጣውንቴ” እያሉ ይጠሩት ጀመር።

በትዳራቸውም ወይዘሮ ሸዋረጋንና አቶ ሀብተማርያምን አፍርተዋል። ሸዋረጋ ድክ ድክ በምትልበት ጊዜ ማንዶሊኑ ላይ ተቀምጣ ጀርባው ተሰነጠቀ። አባት መጀመሪያ ልጅቷን አቅፈው አባበሉ፤ ቀጥሎም ስንጥቁን በውስጥ በኩል በክብሪት ቀፎ ስስ እንጨት ለጥፈው ደገፉት።

ማንዶሊን የገዛ ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ያመጣ ነበር። ጀርባውን ዳበስ፣ ሆዱን ኳ ኳ አድርገው፣ በቀዳዳው አጮልቀው ሲመረምሩ ያየ ሰው የበዓል በግ የሚገዙ ይመስለዋል። በቅበላ ዕለት ግን የማይለወጥ ሥርዓት ነበራቸው። ክሮቹን አላልተው፣ ባለቤታቸው ከብርድ ልብስ በሰፉለት ከረጢት ከተው ይሰቅሉታል፤ እንጨትም ይጹም ይላሉ። ለፋሲካ ጠዋት እህል ከመቅመሳቸው በፊት ይቃኙታል። በዚያ ቤት ፋሲካ ገባ የሚባለው የማንዶሊኑ ድምፅ ሲሰማ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ሲቋቋም ማንዶሊን ያለው ሰው ተፈለገ፤ አቶ ወንድይፍራውም የራሳቸውን አዋሱ። በተከታዩ መስከረም ለአብዮት በዓል ከአስኮና ከሳንሱሲ የመጡ ቡድኖችም መሣሪያቸውን እዚያው አንድ ክፍል አኑረው ነበርና፣ ከበዓሉ በኋላ በከረጢታቸው የተመለሰላቸው የሌላ ሰው ማንዶሊን ሆነ። ሆዱ እንደ ቅል የሞላ፣ አንገቱ በዛጎል ያጌጠ፣ በውስጡ ጣሊያን አገር መሠራቱን የሚናገር ወረቀት የተለጠፈበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አላቸው። እርሳቸው ግን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ብለው የራሳቸውን ፍለጋ ጀመሩ።

ፍለጋው ዓመት አለፈው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከረጢቱን ይዘው አንዴ አስኮ፣ አንዴ ሳንሱሲ ይሄዳሉ፤ ባለቤቱን ያየ ሰው ያጣሉ። እንግዳውን ማንዶሊን ይወለውሉታል፣ በቅበላ ያላሉታል፣ ለፋሲካ ይቃኙታል፤ አንድ ዘፈን ግን አልተጫወቱበትም። የቤቱ ዝምታ ወይዘሮ ተሻለችን እንኳ ከብዷቸው፣ “ጣውንቴ በተመለሰችልኝ” እስከማለት ደረሱ።

በ1973 ዓ.ም. ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሳንሱሲ ሲያልፉ ከአንድ የሰርግ ዳስ የማንዶሊን ድምፅ ሰምተው ቀጥ አሉ። ሳይጠሩ ገብተው ተጫዋቹን፣ በዚያ በዓል ከሳንሱሲ ቡድን ጋር የመጡትን መምህር ጉልላትን፣ “ይቅርታ ጌታዬ፣ አንዱ መቃኛ ቀንድ ነው። በቀዳዳው ቢያዩ ደግሞ የክብሪት ቀፎ ተለጥፎበታል፤ ልጄ ተቀምጣበት ነው” አሏቸው። አቶ ጉልላት ወደ ብርሃን አዙረው ቢያዩ ልጥፉ አለ። አቶ ወንድይፍራው ከረጢቱን ሲፈቱ ግን ያለቀሱት አቶ ጉልላት ናቸው። ያ ባለዛጎል ማንዶሊን የሟች አባታቸው ነበር። ጊዜው ብዙ የሚጠየቅበት አልነበረምና፣ አንዱ ባለሥልጣን ወስዶታል ብለው ዝም ብለው ኖረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ወንድማማች ሆኑ፤ አቶ ጉልላት ዛሬም ከመካከላችን ቆመዋል።

አቶ ወንድይፍራው የልብ ሕመም አድሮባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በዘንድሮው ቅበላ እጃቸው ስለደከመ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው እያሳዩ ክሮቹን ያስላሉት ባለቤታቸውን ነው። “ለፋሲካ አንቺ ቃኚው፤ ስትሰሚው ኖረሻል፣ አይጠፋሽም” አሏቸው። መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩ ታናሽ ወንድማቸው አምሐ ሐዘናችን ብርቱ ነው፤ ጠግበው የኖሩ፣ የወደዱትንም ያገኙ ሰው ነበሩና እንጽናናለን።

ማንዶሊኑ ከረጢቱ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። ክሩ የላላው ለጾም እንጂ ለዘለዓለም አይደለም። ትናንት ለቅሶ ላይ ከሰዎች አንዱ ማን ይወስደው ይሆን ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይዘሮ ተሻለች፣ “ጣውንቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ለፋሲካ እኔው እቃኛታለሁ” ብለዋል። የትንሣኤው ጌታ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ጋር በብርሃን ያኑርልን፤ እኛንም ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። አሜን።