ጋሼ ሱቁን ከሸጠ በኋላ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ነገ ትምህርት ይጀመራል። ሱቄ ያለበት ጀፕስታውን ከጠዋት ጀምሮ መተላለፊያ የለም። ሦስት ካርቶን ነጭ ካልሲ ከምሳ በፊት አለቀ። ሌላ ባመጣ ኖሮ...

ሱቄን ስዘጋ ወንድሜ ጋሼ ሀቢሶ ደወለ።

«ፍሬ፣ ሸጥኩት።»

«ምኑን?»

«ሱቁን ነዋ!»

ቮስሎሩስ ያለውን ስፓዛ፣ የሰፈር ሸቀጥ መሸጫውን። አሥራ አራት ዓመት የቆመበትን። ፍሪጁን፣ መደርደሪያውን፣ ደንበኛውን ጭምር። ጉልበቱ አላስቆም ብሎታል፣ ሐኪሙም ከልክሎታል። ጋሼ ያለ ሱቅ ምን ሊሆን ነው? መገመት አቃተኝ።

እሑድ፣ ጥር 10

ከቸርች በኋላ ጋሼ ቤት። ልጁ ፅናትም ነበረች። ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ልትገባ ነው፣ ወሬዋ ግማሹ እንግሊዝኛ። የሱቁ ብር ምን ይደረግ?

ጋሼ ወስኗል። ዲቪደንድ የሚከፍሉ የሦስት ካምፓኒ አክሲዮኖች። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ደንበኛው ነው የነገረው።

«በዓመት ሁለቴ የትርፍ ድርሻዬ አካውንቴ ይገባል። እንደ ቤት ኪራይ በሉት።»

«ዳዲ፣ ሪስኪ ነው» አለች ፅናት። «ሦስት ካምፓኒ ብቻ? ኢንዴክስ ፈንድ ግዛ። በአንዴ ከመቶ በላይ ትልልቅ ካምፓኒዎች ውስጥ ትንሽ ትንሽ ድርሻ ይኖርሃል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ። ዲቪደንዱም እዚያው ተመልሶ ይገባና ያድጋል።»

«የማላየው ብር ምን ያደርግልኛል?»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። ምን አስገባኝ? «ልጅቷ ተምራ እኮ ነው የምትነግርህ» አልኩት።

«እሷ ሳትወለድ ነው መነገድ የጀመርኩት!»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ገዝቷል። ሦስቱንም። ለእኔ ትንፍሽ አላለም፣ ከፅናት ነው የሰማሁት።

እሑድ፣ የካቲት 15

ዛሬም አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ማን ይቅደም? ሞኝነት...

ስለ ኢንዴክስ ፈንድ ራሴ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የኔ ቁጠባ እስካሁን ባንክ ተኝቷል። ሰው ልመክር ስሮጥ የራሴን ረስቼዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ፅናት በጠዋት ደወለች። ከሦስቱ አንዱ ካምፓኒ፣ ጋሼ አብዛኛውን ብር ያስገባበት፣ ዘንድሮ ዲቪደንድ አልከፍልም ብሏል። የአክሲዮኑም ዋጋ አብሮ ወረደ።

«ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም አንቲ። ፕሊስ ሂጂለት።»

ታክሲ ይዤ ቮስሎሩስ። ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። የድሮ ደንበኞቹ «ሳውቦና ሀቢሶ!» እያሉ ሰላም ብለውት ያልፋሉ። እጁን ብቻ ያነሳል። ነግረንህ ነበር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር... ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«ለምን ዲቪደንድ እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አለ። «በየስድስት ወሩ ከገባልኝ ማንም እጅ ላይ አልወድቅም ብዬ ነው።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

ጉልበቱን ማሸት ጀመረ።

«ከሆሳዕና ያመጣኸኝ አንተ። የመጣሁ ጊዜ አልጋህን ለቀህልኝ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ የተኛህ አንተ። ያኔ እጅህ ላይ ወድቄ ነበር?»

አለቀስኩ። እሱም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከዚያ ወረቀት አወጣን። ሁለት ዓመት የሚያኖረው ብር ባንክ ይቀመጥ፣ ገበያው ቢወርድም አይነካውም። የዚያን ካምፓኒ አክሲዮን ሸጦ የሚተርፈው ኢንዴክስ ፈንድ፣ ቢያንስ ለአሥር ዓመት። ሲቸግረው ከፈንዱ ትንሽ ቆርሶ መሸጥ እንደሚችል ሳሳየው ተገረመ። «ታዲያ ዲቪደንድ ምን ያስጠብቀኛል?» ሁለቱን አክሲዮኖች ግን አልሸጥም አለ። እሺ፣ ይሁን። የኔንም ቁጠባ ከእሱ ጋር አስገባለሁ። ወሰንኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

የአክሲዮን ገበያው ወረደ። ስልኬ ላይ ሁሉም ቀይ። በአሥር ቀን ውስጥ ካስገባሁት ከአሥር አንዱ የለም። የሰባት ዓመት ቁጠባዬ! ጎረቤት ሱቅ ያለችውን ፀገነትን ጠብቂልኝ ብዬ መጋዘን ገብቼ ቁጭ አልኩ። ልሽጠው? የቀረውን እንኳ ላትርፍ? ጋሼንስ ምን እለዋለሁ?

ደወልኩለት። ሳቀ!

«ስንት ካምፓኒ ነው ያላችሁኝ እዚያ ውስጥ ያለው?»

«ከመቶ በላይ።»

«ሁሉም በራቸውን ዘጉ?»

«አይ... አልዘጉም።»

«ሱቄ ሲዘረፍ እኮ ባዶ መደርደሪያ ነው የቀረኝ ፍሬ። ተወውና አገርህ ግባ ያሉኝን ብሰማ ኖሮ ዛሬ ምን ነበረኝ? ለአሥር ዓመት ነው ያልነው። ገና ሁለት ወሩ ነው። ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ደንበኛሽን አስተናግጂ።»

እኔ ነበርኩ እኮ መካሪው...

አልሸጥኩም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

አሁንም ቀይ። አንድ ጊዜ ብቻ አየሁ። እሺ፣ ሁለት ጊዜ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ብርዱ አጥንት ይገባል። ብርድ ልብስ እንደ ጉድ ይሸጣል። ፈንዱን ካየሁት ወር አለፈኝ። ፅናት ተመልሷል አለች፣ እንዲያውም ካስገባነው ትንሽ አልፏል። ጥሩ። ደግሞ ይወርድ ይሆናል። ይውረድ።

ጋሼ ሳይደውል ሱቄ ድረስ መጣ። ለጉልበቱ የኦፕሬሽን ቀን ተሰጥቶታል፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ የመንግሥት ሆስፒታል። ዕቃ የሚመርጥ መስሎ ዞር ዞር አለ።

«ፍሬ... ስድስት ሳምንት ያህል እንደ ልብህ አትራመድም አሉኝ። አንቺ ጋ፣ ትሮይቪል ብሆን... ይመችሻል?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ከእኔ ምንም ጠይቆ አያውቅም። አንድም ቀን።

«መቼ ነው የሚያስወጡህ?» ብቻ አልኩት። ሌላ ቃል ብጨምር ደንበኛ ፊት ላለቅስ ነው።

ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ባዶ እያደረግኩለት ነው። የኔን ዕቃ ወዴት እንደምወስደው እንጃ... ቦታ አይጠፋም።