ከጎማው ሥር የሚገባው ድንጋይ

ሐሙስ፣ ሐምሌ ፪

የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ያላነበብኩት ታፔላ የለም፤ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ዛሬ ገበያ ስወርድ ልጄ ፈቲያ ወደ ፋብሪካ በምትሄድበት አውቶቡስ ከሰፈራችን ከሳቢያን አብሬያት ተሳፈርኩ። ተሳፋሪውን በቀልድ ስፈጀው፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ዘሎ እየወረደ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ አየሁ። ስንነሳ ድንጋዩን ይዞት ይገባል።

ደቻቱ ድልድይ ዳር ረዳቱ ትንሽ ዘገየ። አውቶቡሱ ሰው እያወረደ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

“ጎበዝ፣ ይሄ መኪና ፍሬን አይዝም፤ እንውረድ” አልኩ።

ሁሉም ሳቀ። ስቀልድ ስለመጣሁ ይህም ቀልድ መሰላቸው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ “አቦ ተወን! ወንበር አለው፣ በሰዓቱ ይመጣል፤ ከዚህ የተሻለ አውቶቡስ የት አለ?” አለችኝ።

ማታ ቤት ስንገባ ፈቲያን በዚያ አውቶቡስ እንዳትሄድ በቁም ነገር ለመንኳት።

“አባ፣ ሌላ መኪና ስጠብቅ ካረፈድኩ ከሥራ ያስወጡኛል” አለችኝ፤ አሁንም እየሳቀች።

ድሬን በሙሉ ማሳቅ እችላለሁ። ፈራሁ ስል ግን ልጄ እንኳ አላመነችኝም። ነገ ጠዋት በዚያው አውቶቡስ ትሄዳለች።